መጅ አዝለው የወጡት ሴቶች

በ1968 ዓ.ም. የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሮማ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ እጠርጋለሁ፤ የነዋሪውን ዕቃ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ። ይህን ለመጻፍ ሐሳቡም አልነበረኝም። እኔ ዳዊት ደግሜ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ይዝላል። አሁን በሽምግልናዬ ያስነሣኝ ያለፈው እሑድ ክርክር ነው።

ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዳችን ባር ተቀምጠናል። አንድ ዶክተር አለ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። የአስካሪ ነገር ተነሣ፤ ጣሊያን ከእኛው ሰው መልምሎ ያሰለፈው ወታደር ማለት ነው።

«ለጣሊያን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ባንዳ ነው። አለቀ» አለ ዶክተሩ።

«አላለቀም» አልኩት።

«እንዴት አላለቀም ጋሽ ተሰማ?»

«ጠመንጃውን ጣሊያኑ ላይ መልሶ ያዞረውስ?»

«እሱ የትኛው መጽሐፍ ላይ አለ?»

«መጽሐፍ ላይ የለም።»

ሳቁብኝ። «አሎራ ጋሼ፣ እንግዲያው እርስዎ ይጻፉልን!» አለ አንዱ። እኔ ደግሞ ሰው ካሾፈብኝ ያንኑ ነገር ሳላደርገው እንቅልፍ አይወስደኝም።

አባቴ አስካሪ ነበሩ። በእኛ አገር፣ በበጌምድር፣ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ፊት ለፊት የሚናገራቸው የለም፤ ሰርግ ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ ነው ነገሩ የሚወጣው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ሚዜ ተብዬ ልቀመጥ ስል አንዱ ብድግ አለና፣ «የባንዳ ልጅ ከሚዜ አይቆጠርም» አለ። ተደባደብን። አፍንጫዬ እየደማ ቤት ገባሁና አባቴን፣ «እርስዎ ባንዳ ባይሆኑ ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር» አልኳቸው።

ቀደም ብሎ አንድ ሁለት ጊዜ «ከጣሊያን ቤት ወጥተናል» ብለውኝ ያውቃሉ። እንዴት ወጣችሁ ስላቸው «ወጣን አልኩህ» ነው መልሳቸው። አላመንኳቸውም። የዚያን ቀን ግን እሱንም አላሉኝ። ዋንጫቸውን አስቀምጠው ወጡ። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አልሸኙኝም። አዲስ አበባ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ገባሁ፣ ባለቤቱ ሲመለስ ወደዚህ ይዞኝ መጣ። አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ የለ፣ ሰላምታ የለ። ግትር ነኝ፤ ከየት እንደወረስኩት ደግሞ ይታወቃል።

በዚያው በ1968 ኅዳር ሲያልቅ ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። ሮማ ዝናቡ እንደ እኛ አገር ወርዶ አይወጣለትም፣ ሲያካፋ ይውላል። ደረጃው ላይ የተቀቀለ ጎመንና የረጠበ ካፖርት ይሸታል፤ ከመንገዱ ደግሞ ካስታኛ የሚሉት ፍሬ የጥብሱ ሽታ ይገባል። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ለአራተኛው ፎቅ ሽማግሌ ድንችና የወይን ጠጁን ተሸክሜ ወጣሁ። ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ወታደር ነው፤ የበሩ ጠባቂ ሲኞራ ፒና «ካፒታኖ»፣ ሻምበል እንደ ማለት፣ ትለዋለች።

«ና! ግባ! ተቀመጥ!» አለኝ በአማርኛ።

ክው አልኩ። በኋላ እንዳየሁት የሚያውቃት አማርኛ ትእዛዝ ብቻ ናት፤ ሌላውን በጣሊያንኛ ቀጠለ። ዳቦ ቆረሰና ፕሮሹቶ፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ጣል አድርጎበት ሰጠኝ።

«አልበላም።»

«ለምን?»

«ጾም ነው።»

ቢላዋውን አስቀመጠና ትኩር ብሎ አየኝ። «የእኔም አስካሪዎች እንዲሁ ነበሩ» አለ። «ለኅዳር ሚካኤል፣ ጾሙ ሳይገባ ይብሉ ብዬ በሬ ሰጠኋቸው። በሉት። በማግስቱ ከዱኝ።»

እዚህ ላይ መሄድ ነበረብኝ፤ ገና ሁለት ፎቅ የሚጠረግ ደረጃ አለኝ። ግን ወንበሩን ስቤ ተጠጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፒታኖው የሚያዝበት ምሽግ ከአንድ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ጉብታ ላይ ነበር። የታች መንደሩን አቃጥሉ የሚል ትእዛዝ ከበላይ መጣለት። ለአስካሪዎቹ አስቀድሞ ነገራቸው፣ ሐሙስ ተዘጋጁ ብሎ። ሁሉም «እሺ» አሉ። አብዛኞቹ ያገቡት ከዚያው መንደር ነው፤ ሚስቶቻቸው ምሽጉ ውስጥ አብረዋቸው ይኖራሉ፣ እህሉን የሚፈጩት እነሱ ናቸው። እሱ ይህን ያውቃል፣ ግን ምንም አልመሰለውም። ከዚያ የአስካሪዎቹ አለቃ፣ ሹምባሹ፣ መጣና ሴቶቹ ለንግሥ ይውረዱ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ።

«ፈቀድኩ» አለኝ። «ዱቄትም ጨመርኩላቸው። በሩ ላይ ቆሜ ሲወጡ አያለሁ። እያንዳንዷ በጀርባዋ ድንጋይ አዝላለች፣ እንደ ሕፃን! ሳቅኩ። ሹምባሹን 'ለመልአኩ ድንጋይ ነው የሚሰጡት?' ብዬ ብጠይቀው፣ 'አዎ ጌታዬ፣ ስለት ነው' አለኝ። ጠመንጃውን በየማታው እቆጥር ነበር። ድንጋይ ማን ይቆጥራል?»

«መጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

መጅ በእጅ የሚገፋው የላይኛው የወፍጮ ድንጋይ ነው። ንግሥ መጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም፤ ድግስ ተሠርቶ ነው የሚወጣው። መጅ የምታነሣ ሴት ጎጆዋን ለቃ የምትሄድ ሴት ናት። የታችኛው ድንጋይ የትም ይገኛል፣ እጅ የለመደው መጅ ግን አይገኝም። የዚያን ቀን በሩ ላይ የእኛ አገር የአምስት ዓመት ሕፃን ቆሞ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገባው ነበር። ካፒታኖው ግን በመነጽር አሻግሮ ጫካውን ነው የሚያየው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል አስካሪዎቹ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ያዙ። አንድ ወጣት መኮንን ተኮሰ፤ ሁለት አስካሪ ጥሎ እሱም ወደቀ። የቀሩትን ጣሊያኖች አሰሩ። ሹምባሹ የካፒታኖውን ጫማ አወለቀና «ፀሐይ እስኪሞቅ እዚህ ተቀመጥ» ብሎት፣ ጠመንጃውን ሁሉ ይዘው ወደ ጫካ ገቡ። መንደሩም ሳይቃጠል ቀረ።

ያን ጊዜ የእናቴ መጅ ትዝ አለኝ። በእኛ መንደር የማይገኝ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከየት አመጣሽው ስላት፣ «አዝዬው ነው የመጣሁት፤ እኅትህ በሆዴ፣ እሱ በጀርባዬ» ትለኝ ነበር። ከወላጆቿ ቤት ያመጣችው ይመስለኝ ነበር። ካፒታኖውን የቦታውን ስም ጠየቅኩት። ነገረኝ። የጣሊያን ቅጥር የምንለው ፍርስራሽ ነው፤ አባቴ ገበያ ሲሄዱ ሁልጊዜ ዞረውት ነው የሚያልፉት።

«አባቴ እዚያ ነበሩ» አልኩት። «እናቴም።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «እንግዲያው እናትህ ዱቄቴን በልታለች!»

«በእኛው መሬት የበቀለ ዱቄት ነው፣ ጌታው።»

«ምላስህ ረጅም ነው። ያም ሹምባሽ እንደዚሁ ነበር።»

«ይህ ነገር የት ተጽፏል?»

«የትም። ሽፍታ ወረረን ብዬ ነው ሪፖርት ያደረግኩት። የገዛ ወታደሮቼ ተነሡብኝ፣ ሚስቶቻቸው ጓዛቸውን ይዘው በፊቴ አለፉ፣ እኔም ስንቅ ሰጥቼ ሸኘኋቸው ብዬ ልጻፍ?»

ለዚህ ነው መጽሐፍ ላይ የሌለው፣ ዶክተር። ጻፊው እሱ ነበር፤ አፍሮ ዋሸ። በእኛም ወገን ይህን የሠሩት ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር።

ዶክተሩ ይህን ሲያነብ፣ «ከዚያ በፊት የነበረውስ ዘመን?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔም አስቤበታለሁ። አባቴ ለጻፍኩላቸው ደብዳቤ በዲያቆን አስጽፈው የላኩልኝ መልስ ከስድስት ወር በኋላ ደርሶኛል፤ እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ዓመት የጣሊያን ደመወዝ በልቻለሁ፤ እሱን አልዋሸህም። አንድ ሌሊት ሁለት ዓመት አያጥብም ብዬ ነው ያልነገርኩህ። የወጣሁባትንም ቀን ግን ካወቅህልኝ ይበቃኛል።» ይኸው ነው። እኔ አባቴ ንጹሕ ነበሩ አልልም፣ እሳቸውም አላሉም። ሰው በገባበት በር ብቻ አይጠራ ነው የምለው። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ እሑድ ባር አለሁ።

እሳቸው የመለሱለትን ደብዳቤ የጻፍኩት ካፒታኖው ባጫወተኝ በማግስቱ ማለዳ ነው። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሲኞራ ፒና ከታች፣ «ተሰማ! ደረጃው!» ብላ ጮኸች። «ዛሬ ራሱን ይጥረግ!» አልኳት። በሰው ማስጻፍ እችል ነበር፣ ግን የሰደበው የእኔ አፍ ስለሆነ የሚጽፈውም የእኔ እጅ ነው አልኩ። አራት መስመር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። «ይድረስ ለአባቴ። እዚህ የእርስዎን አለቃ አገኘሁት። እናቴ መጅ አዝላ በፊቱ እንዳለፈች ነገረኝ። ባንዳ ያልኩዎ ሳላውቅ ነው፤ ይማሩኝ።» ከዚያ እንዳይረጥብብኝ ብብቴ ውስጥ ይዤው በዝናቡ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ገና አልተከፈተም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።