ሽማግሌ ፍለጋ በሮኬት

ልጄን ሊጠይቁኝ የመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ስዊድኖች ነበሩ። ሦስቱም ጡረታ የወጡ፣ ሦስቱም በወር አንድ ቅዳሜ ሜዳ ወጥተው የሞዴል ሮኬት የሚያስወነጭፉ የአንድ ክለብ አባላት ናቸው። ልጄ አብራው የምትኖረው ልጅም የዚሁ ክለብ አባል ነው። እዚህ አገር ሳይጋቡ አብሮ መኖር «ሳምቦ» የሚባል ስም አለው፤ ስም ስላለው ማንም አያፍርበትም፣ ማንም ስለማያፍርበትም እኔን የጠየቀኝ የለም። እኔ ደግሞ «ሽማግሌ ሳይልክ ቤቴን እንዳይረግጥ» አልኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ?

ልጄ ያደገችው እዚሁ ስቶክሆልም ነው። ስለ ሽማግሌ የምታውቀውን ነገረችው፦ ሦስት ሆነው ይመጣሉ፣ ዕድሜ የጠገቡ ናቸው፣ ሙሉ ልብስ ይለብሳሉ፣ ልጅቱን ይጠይቃሉ። ልጁ አባት የለውም፤ ዕድሜ የጠገበ ሰው የሚያውቀው በክለቡ ብቻ ነው። እናም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሮግስቬድ ሰፈር ያለው ቤታችን ደወል በተባለው ደቂቃ ጮኸ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ በካልሲ ገቡ። ንግግሩን ያደረጉት ነጭ ጢም ያላቸው፣ ሶደርተልየ ከተማ የጭነት መኪና ሲሠሩ የኖሩ መሐንዲስ ነበሩ። ልጁ ታማኝ፣ ሠራተኛና ጥንቁቅ እንደሆነ መሰከሩ። ጥንቃቄውን በምሳሌ ሲያስረዱ ስለ ሮኬት ትንሽ በዛባቸው።

እውነቱን ልናገርና ልቤ ተነክቷል። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ይሁንና ወግ ወግ ነው፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት «ውሰዱልኝ፣ ሰልችታኛለች» ያለ ያህል ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ፣ አባቴ እህቴን ሊጠይቁ ለመጡት ሲል የሰማሁትን ደገምኩላቸው። ልጅቱ ገና ናት፤ ከዘመድ እንመክራለን፤ ዝምድና እንዳይኖርም እስከ ሰባት ቤት ዘር እንቆጥራለን፤ ሌላ ቀን ብቅ በሉ አልኳቸው። ጢማሙ ሽማግሌ አሰብ አደረጉና፣ «የመዛመዳቸው ዕድል አነስተኛ ይመስለኛል፤ ልጁ የሰሜን ስዊድን ሰው ነው» አሉ። ከዚያ ስለ ግልጽ መልሴ አመስግነው፣ ጨብጠውኝ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

በዚያው ቀሩ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በኩራት ጠበቅኩ። ሁለተኛ ሲመጡ በምን ቃል እንደምመልሳቸው፣ ሦስተኛ ሲመጡ እንዴት ቀስ እያልኩ እንደምረታ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። የመጣው ግን የልጄ አጭር መልእክት ነው፤ በስዊድንኛ «አባዬ፣ ገባኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ሆነ። ፋሲካን ያለ እሷ ፈሰክን። የምትኖረው ዩልስታ ሰፈር ነው፤ አረንጓዴውን ቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ይዞ መሐል ከተማ ላይ ወደ ሰማያዊው መቀየር ብቻ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አረንጓዴውን የነዳሁት እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ሁሉ ቤቱ ሲገባ በኔ ባቡር ነበር፤ የኔዋ ቀረች።

«ደውልላቸውና ተመለሱ በላቸው» አለችኝ ባለቤቴ።

«የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲያሳድድ የት አይተሻል?»

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አለችና ቴሌቪዥኑን ከፈተችው።

ማሳደድ ነውር ነው፤ መገናኘት ግን ነውር የለውም። ክለቡ በየወሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ ሮኬት ያለው ማንም ሰው መምጣት እንደሚችል ከኢንተርኔት አነበብኩ። ባዶ እጅ መሄድ ልመና ይሆንብኛል። ሮኬት ይዤ ከሄድኩ ግን የራሴ ጉዳይ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ሽማግሌዎቹን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። የሮኬት መሸጫ ሱቅ ሄድኩና ሦስት ዓይነት ሮኬት እንዳለ ተነገረኝ። ትንሹ የልጆች ነው፤ ትልቁ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መካከለኛም አለ። መካከለኛውን መረጥኩ። ትንሹ ያስንቃል፣ ትልቁ ያሳስራል። ሻጩ «ለልጅ ልጅህ ነው?» ሲለኝ «አይ፣ ለሽማግሌዎች» አልኩት። ሞተሩን ከክለቡ እንደማገኝ ነግሮ ሳጥኑን ሰጠኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ወፍራም የካርቶን ቱቦ፣ የኮምፔንሳቶ ክንፎች፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ የእንጨት ቀለበቶች፣ የታጠፈ ፓራሹትና ብዙ ገጽ ያለው መመሪያ አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እሱ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር አይሸጥም። ክንፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እየሞረድኩ የምግብ ጠረጴዛውን ዱቄት በዱቄት አደረግኩት። ማጣበቂያው ከሁለት ቱቦ ተጨምቆ የሚቀላቀል ነው። መመሪያው «ስስ አድርገህ ቀባ» ይላል። ስስ የሚባል ነገር እኛ ቤት ማንም አያውቅም፤ እንግዳ እንኳ «በቃኝ» ሲል ነው የሚጨመርለት። በየክንፉ ሥር ደህና አድርጌ ሞላሁት። ደርቆ ሳየው ክንፎቹ ድንጋይ ላይ የበቀሉ ይመስሉ ነበር፤ በጣም ኮራሁ።

«ልጅህ ጠፍታብህ አንተ አሻንጉሊት ትለጥፋለህ» አለች ባለቤቴ፣ እራታችንን ሶፋ ላይ እያቀረበች። ጠረጴዛው ከተያዘ ሰንብቷል። ለሽማግሌ ብዬ የጀመርኩት ሥራ ደስ እያለኝ እንደመጣ አልነገርኳትም። ክንፍ እስኪደርቅ በሁለት ጣት ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ልጅ ለናፈቀው ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው። ማንም ምን እያሰብክ ነው ብሎ አይጠይቅህም።

በስብሰባው ቀን ሮኬቴን በፎጣ ጠቅልዬ ሜዳው ደረስኩ። ልጁ አየኝ፤ ቀይ ሆነ፤ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ሸሸ። ሮኬት ከመነሳቱ በፊት የሚመረምሩት እኚያው ጢማሙ ሽማግሌ ናቸው። እንዳወቁኝ በዓይናቸው አየሁ፤ ግን ስለ እሑዱ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ክንፎቹን ሳብ ሳብ አደረጉ፤ አልነቃነቅ አሏቸው። ፓራሹቱን አወጡና መልሰው አጠፉት። ከዚያ ሞተሩን ከተው፣ ወገቡን በክር አስረው አንጠለጠሉት። ሮኬቴ እንደ ታመመ ዶሮ በጭራው ተዘቀዘቀ።

«ማጣበቂያ በዝቷል፤ ጭራው ከብዷል» አሉ። «እንዲህ ከተነሳ ተጠማዞ ሰው ላይ ይወድቃል። ዛሬ አይበርም። አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምርበትና ሌላ ቀን ና።»

ፊቴ ጋለ። ይህን ሁሉ ደክሜ፣ በሰው ፊት፣ «ሌላ ቀን ና»! ሮኬቴን መልሼ በፎጣ ስጠቀልል እሳቸው ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። የሚቀጥለው ስብሰባ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ነገሩኝ፤ ሞተሩንም በስሜ እንደሚያስቀምጡልኝ። ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው ነው ነገሩ የከነከነኝ። እነዚህ ሰዎች «ሌላ ቀን» ሲሉ ቀኑን ይነግሩሃል። እኔ ምንም ቀን አልነገርኳቸውም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምን አሉህ?» አለችኝ። «ሌላ ቀን ና አሉኝ» አልኳት። ሶፋው ላይ ወድቃ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠባትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ገዝቼ አፍንጫው ውስጥ በማጣበቂያ ቀበርኩት፤ ማጣበቂያውንም በዚህኛው ጊዜ ስስ አደረግኩት። በተባለው ቅዳሜ ባለቤቴም ተከተለችኝ። ልጁ ነግሯት ኖሮ ልጄም መጥታለች። ለእናቷ ተጠመጠመች፤ ለኔ በስዊድንኛ «ሄይ» አለች። እኔም «ሄይ» አልኩ። አማርኛ ብጀምር ድምፄ እንደሚከዳኝ አውቄ ነው።

ሽማግሌው አንጠለጠሉት፤ ሮኬቱ ቀጥ አለ። ሁላችንንም ወደኋላ አራቁንና መቁጠር ጀመሩ። ዜሮ ሲሉ ሰማዩን ቀዶ ወጣ፤ እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ነጥብ ሆነ፣ ከዚያ ብርቱካንማው ፓራሹት ተከፈተ። ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ስዊድኖቹ አንዳች አደጋ የደረሰ መስሏቸው ዞሩ።

ጊዜው አሁን ነው ብዬ ሽማግሌውን ጠጋ አልኳቸው። ስዊድንኛ አንቱ የሚል ቃል ስለሌለው እንደ እኩያዬ ነው የተናገርኳቸው። «ለምንድነው ያልተመለሳችሁት?»

«እምቢ አልከን እኮ።»

«ሌላ ቀን ኑ ነው ያልኩት።»

«የትኛው ቀን?»

ወጉን አስረዳኋቸው። ሽማግሌዎች መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ ሁለተኛም ይመለሳሉ፣ በሦስተኛው እሺ ይባላሉ። እንደ መሐንዲስ በጥሞና አዳመጡኝ። «ይህ የሆነ ቦታ ተጽፏል?» አሉኝ። አልተጻፈም አልኩ። ያን እሑድ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ሦስቱ ተጣልተው እንደነበር ነገሩኝ፤ ሁለቱ ንግግሩን ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ ስለ ሮኬት አበዛህ ብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ልጁን ማየት ያሳፍራቸው ነበር። ስልካቸውን አወጡ፤ ቀን ተቆረጠ፣ ሰዓትም ተቆረጠ። የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ቀጠረ ማለት ነው፤ አባቴ ይህን አለማየቱ ደግ ነው። ያም ሆኖ ድል ያደረግኩ መሰለኝ።

ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አባዬ» አለችኝ፣ በአማርኛ። «የናፈቁህ ሽማግሌዎቹ ናቸው ወይስ እኔ?»

ለሽማግሌ የሚሆን መልስ ሞልቶኝ ነበር፤ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ዙር። ለዚህ ግን አንድም አላዘጋጀሁም።

«አንቺ ነሽ» አልኳት። «አንቺ ነሽ የናፈቅሽኝ።»

ሮኬቱ ወደወደቀበት ማዶ ተመለከተች።

«ስልክ ቁጥሬን እኮ አልቀየርኩም» አለችኝ።