ዓሥር ወር የዘገየው የቲቸር የሺ ደብዳቤ

ይህ ጉዞ ዓምና መደረግ ነበረበት። ያልተደረገበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱም የእኔ አይደለም። መጀመሪያ ጁባ ሰላም አይደለም ተባለ፤ ቀጥሎ የፓስፖርቴ ጊዜ አለፈ፤ ከዚያ ደግሞ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ። ጋምቤላ እንግሊዝኛ ያስተማሩን ቲቸር የሺ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ታመው ሳሉ፣ ዓምና ጥር ላይ አንድ የታሸገ ደብዳቤ ሰጥተውኝ ነበር። "ለኛጃል በእጇ ስጣት። መልሷን ሳልሞት አምጣልኝ" አሉኝ። ኛጃል የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ ከደቡብ ሱዳን በስደት መጥታ አብራን የተማረች፣ አገሯ ከገባች በኋላም ለቲቸር መጻፍ ያላቋረጠች። ጁባ ውስጥ ውጊያ ከተነሣ ወዲህ ግን ወሬዋ ጠፋ። ቲቸር ነሐሴ ላይ ዐረፉ። እኔ የተነሣሁት ኅዳር 2010 ነው።

ቦሌ፣ ረፋድ ላይ

አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ተኩል ተገትሮ ቆየ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሁለቱንም የክንድ መደገፊያ ይዞ እስከ ጁባ አንኮራፋ። ስንወርድ ሙቀቱ ደረጃው ላይ ተቀበለን፤ መንገደኛ የሚስተናገደው ድንኳን ውስጥ ነው። አንድ ሠራተኛ የክትባት ቢጫ ካርዴን ገልብጦ አየ፣ መልሶ ገልብጦ አየ።

"ለምን መጣህ?"

"ደብዳቤ ላደርስ።"

"ፖስታ ቤት የለም አገራችሁ?"

በዚህ ጉዞ እውነቱን መጀመሪያ በአጭሩ የተናገርኩት እዚያ ነበር፤ እሱም አላመነኝም።

አትላባራ

ያረፍኩት እዚህ ሰፈር፣ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ የጎንደር ሴት በከፈቱት ሆቴል ነው። ሽሯቸው ደህና ነው፤ ለአንድ ሳህን የሚቆጠረውን ፓውንድ ግን ኪስ አይችለውም፤ ሰዉ ገንዘቡን በፌስታል ይዞ ነው የሚዞረው። ጀነሬተሩን የተከሉት ደግሞ ልክ ከመስኮቴ ሥር ነው።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር አያስተኛም እኮ!"

"ወንድሜ፣ እኛን እንቅልፍ የሚነሳን እሱ ሲጠፋ ነው። ይልቅ ነገ በጠዋት ውጣ፤ የጁባ ፀሐይ አይምርም።"

በማግስቱ የወጣሁት በአራት ሰዓት ነው። የቀሰቀሰኝ ሰው የለም።

ቡሉክ

እጄ ላይ የነበረው አድራሻ የቡሉክ ሰፈር ነው። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ቦታውን ሳያውቅ "ማፊ ሙሽኪላ! ችግር የለም!" እያለ ሦስት ጊዜ በአንድ መስጊድ አዞረኝ። በመጨረሻ የደረስንበት ቤት ጎረቤት፣ እሷም ጋምቤላ ያደገች ኖራ፣ በአማርኛ መለሰችልኝ።

"ኛጃል? ከተኩሱ በኋላ ወጣች። አሁን ማንጋቴን መጠለያ ነው ያለችው፤ የተፈናቃይ ልጆች ታስተምራለች። እስከ ስድስት ሰዓት ነች፣ ያላ፣ ቶሎ በል!"

በሕይወት አለች! ጎረቤቷን በቅጡ ሳላመሰግን ቦዳው ላይ ወጣሁ። ቢሆንም መንገድ ላይ ከርከዴ የሚሉትን የቀዘቀዘ ቀይ የአበባ መጠጥ ሳይ ቆምኩ። ሻጯ የገንዘቤን መልስ ስትፈልግ ቆየች። በእሷ ምክንያት ዘገየሁ።

ማንጋቴን

ትምህርት ቤቱ በእንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። መግቢያው ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ "የውሃው ሰልፍ ረጅም ነበር።"

ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። "ሰልፉን ተይው። አንቺስ?"

ልጅቷ እግሯን አየች። "እኔ... እኔ ጨዋታ ይዞኝ ነው።"

"ጎበዝ። ግቢ።"

ቆሜ ቀረሁ። የቲቸር የሺ ሕግ ነው። ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ይናገራል። በዝናብ፣ በእናት፣ በመኪና ማሳበብ የለም፤ ከራሱ ይጀምራል፣ አለዚያ አይገባም። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ግማሹን የተማርኩት በር ላይ ነው።

ኛጃል አየችኝና ጠመኔዋን ጣለች። "ያ ሰላም! ደሬ!" ብላ ልታቅፈኝ ከመጣች በኋላ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። "ቲቸር ናቸው የላኩህ፣ አይደል? ቆይ፣ መጀመሪያ ሕጉ! ልጆች፣ ይሄ ሰውዬ የትምህርት ቤታችን አንደኛ አርፋጅ ነበር። ለምን እንደዘገየ ይንገረን።"

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፓስፖርቱ፣ አለቃዬ፣ አውሮፕላኑ፣ ባለ ከርከዴዋ፣ ሁሉም አፌ ላይ ተሰልፈው መጡ። አፈርኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

"እኔ ዘግይቻለሁ። እኔ ደብዳቤሽን ዓሥር ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እኔ ዛሬ ነገ አልኩ። ቲቸር መልስሽን እየጠበቁ ዐረፉ።"

ሳቁ ቆመ። ኛጃል ደብዳቤውን ተቀብላኝ ከልጆቹ መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አልከፈተችውም፤ ፖስታው ላይ የተጻፈ ስሟን በጣቷ እየዳበሰች አለቀሰች። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ አለቀስኩ።

ቆይታ ቀና አለች። "በጣም ነው የተናደድኩብህ፣ ደሬ። ግን ሕጉ ሕግ ነው። ግባ።"

ያን ዕለት ከሰዓት ደብዳቤውን ከፍታ አነበበችና መልሱን ጻፈች። ስትጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ሰዓቴን አላየሁም።

አዲስ አበባ

በገባሁ ማግስት የኛጃልን ደብዳቤ ይዤ ቲቸር ወዳረፉበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ዘበኛው የመቃብሩን በር እየዘጉ ነበር።

"ልጄ፣ ምነው እስካሁን?" አሉኝ።

ታክሲው ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዋጥኩት።

"እኔ ነኝ አባባ፣ ተኝቼ አርፍጄ ነው።"

ትንሽ አዩኝና በሩን መልሰው ከፈቱልኝ።