የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ኩሽናውን ለቆ ሊወጣ ነበር። ውሃውን ጨምቆ ሊጨርስ ሲል ድንገት መጮህ ጀመረ፤ ከዚያ ዘለለ፤ ከዚያ ግድግዳውን በጎኑ እየደበደበ ወደ በሩ ተራመደ። ሶኬቱን ልነቅል ስጎነበስ ጉልበቴን መታኝ። እኔም በተራዬ በርግጫ አልኩት። ልጄ ሳምራዊት ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው አባቷ ከማሽን ጋር ሲደባደብ እያየች ትስቃለች።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ በቃ አዲስ ኦርደር ላድርግልህ። ነገ ዴሊቨር ያደርጋሉ፤ አሮጌውንም ይወስዱታል።»

«እጠግነዋለሁ» አልኳት።

«መቼ?» አለች።

ታውቀኛለች። ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤታችን በእኔ ጅምሮች የተሞላ ነው። አጥሩ ግማሹ ተቀብቶ ግማሹ ቀርቷል፤ ቁም ሳጥኑ በር የለውም፤ ሆዱን የከፈትኩት ራዲዮ መደርደሪያ ላይ ከተኛ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ አምጥቼ የማሽኑን ክዳን ፈታሁ። ልብሱ ከሚዞርበት በርሜል በላይ ያ ግራጫ የአርማታ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ካሰሩት ቡሎኖች አንዱ ላልቷል። እጄን ድንጋዩ ላይ ሳሳርፍ ከማጅራቴ ሥር፣ ግራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ድንጋይ እንዳለ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ድንጋይ ተሸክሜ አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ለንደን ያስመጣኝ ታላቅ ወንድሜ መኮንን ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው፤ ወንድምጋሼ እለዋለሁ፣ ዛሬም ጭምር። ኪልበርን ዋናው መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፍራፍሬ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ቤት ከሚስቱ ከሂሩት ጋር ይኖር ነበር፤ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እተኛለሁ። ካፖርት በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበር፤ እጁ መቀስ ሲይዝ ማየት ደስ ይላል። ሂሩት የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

የካቲት ላይ ማሽናቸው እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። ከታች የፍራፍሬው ነጋዴ ጩኸቱ ሲያስመርረው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድባል። ወንድሜ ጠጋኝ ሊጠራ ሲል እኔ መሀል ገባሁ። አዲስ አበባ ስድስት ወር ጋራዥ ተለማምጃለሁ፤ ድምፁን እንደሰማሁ በርሜሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ እንዳለቀ ገብቶኛል።

«እስከ እሑድ ስጠኝ» አልኩት።

«የትኛው እሑድ?» አለኝ።

ኩሽኔታው ማለቁ ትክክል ነበር፤ የተሳሳትኩት እሑዱን ነው። ማፍረስ እንዴት እንደሚያስደስት! ቡሎን በተፈታ ቁጥር ሰው ራሱን እንደ ሊቅ ማየት ይጀምራል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን እስከ አጥንቱ ፈታሁት። ድንጋዩንም ኮሪደሩ ላይ አስቀመጥኩት። ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ፋብሪካው ለማጓጓዣ የከተተው መስሎኝ መልሼ ላላስገባው ወስኛለሁ። ከዚያ አሮጌው ኩሽኔታ አልወጣም አለ። ዝጎ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። በመዶሻ ደበደብኩት፣ በቡሎን መፍቻው በቺያቬ ደበደብኩት፣ እናቱን ሰደብኩ። አውራ ጣቴ ጠቆረ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። በኋላማ ከሥራ ስመለስ የተፈታውን ብረት ማየት ራሱ ያናድደኝ ጀመርና ፊቴን አዙሬ አልፈው ነበር።

በዚህ መሀል ሂሩት ከነሆዷ የገላ መታጠቢያው ገንዳ ላይ ተንበርክካ በእጇ ታጥባለች። ርጥብ ልብስ በየራዲያተሩ ተሰጥቶ ግድግዳው ያልበዋል፤ ቤቱ ሳሙናና ሻጋታ ይሸታል። ወንድሜ ኮሪደሩን ባለፈ ቁጥር ድንጋዩ የእግሩን ጣት ይመታዋል። ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ መዶሻዬን ይዤ ቀረሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ደበደብኩ። በመጨረሻ ኩሽኔታው ቷ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ብቻዬን ጮህኩ፣ ወለሉ ላይ ተኝቼ ሳቅሁ። አዲሱን ገጠምኩ፤ የልብሱን በርሜል ወልውዬ አብለጨለጭኩትና ሲመጡ እንዲያዩልኝ ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ አቆምኩት። ሁዳዴ ነበር፤ ደክሟቸውና ርቧቸው ተመለሱ። ሂሩት ጠዋት የሠራችውን ሽሮ አሙቃ አቀረበች። በርሜሉን ማንም ሳያየው ወንድሜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሰ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን።

ከአፉ ያወጣው የማሽኑ ቡሎን ዳዶ ነበር። ዳዶዎቹን በቲማቲም ቆርቆሮ አድርጌ ከምድጃው በላይ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ነበር፤ አንዱ ድስቱ ውስጥ ወድቋል። ከዳዶው ጋር የተሸረፈ ጥርስ ወጣ። ወንድሜ ሁለቱን መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አያቸው። ከዚያ ተነሣ፣ በርሜሉን በሁለት እጁ አነሣ፣ በሩን በእግሩ ከፍቶ ወደ ደረጃው ወረወረው።

በየደረጃው እየነጠረ ሲወርድ የእኔ አምስት ሳምንት ነበር የሚነጥረው። ቺያቬው እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ አላውቅም። ያነጣጠርኩት ጭንቅላቱን ነበር፤ ይህን አልሸፋፍንም። ቀኝ እጁን ባያነሣ ኖሮ ገድዬው ነበር። ብረቱ ጣቶቹ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። በግራ እጁ ጉሮሮዬን አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። እኔ በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት። ትሪው ተገለበጠ፤ ደምና ሽሮ ወለሉ ላይ ተቀላቀለ። ሂሩት በጭልፋ ግንባሬን ፈነከተችኝ፤ ልትደግመኝ ስትል አዳልጧት በመቀመጫዋ ወደቀች። ሆዷን ይዛ ዝም ስትል ነው ሁለታችንም ያቆምነው።

እሷም ፅንሱም ደኅና ነበሩ። ወንድሜ ይህን ካረጋገጠ በኋላ፣ ደሙ ሸሚዙ ላይ እየተንጠባጠበ በሩን አሳየኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለ።

ባተርሲ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ወለል ላይ አስተኛኝ። ስደውል ወንድሜ ድምፄን ሰምቶ ይዘጋል። አንድ ቀን ሂሩት አነሣችና፣ ሁለት ጣቶቹ እንደተሰበሩ፣ ሆስፒታል ሲጠይቁት ግን «በር ተዘግቶብኝ ነው» እንዳለ ነገረችኝ። ፖሊስ እንዳይወስደኝ ነው የዋሸው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋተኛው እሱ ይመስለኝ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ልጁ በፋሲካ ሰሞን ይወለዳል ተብሏል። ያሳደገኝ ሰው ልጅ ሲወልድ እኔ እንደ ባዕድ ደጅ ልቀር ነው፤ ይህን ሳስብ እህል አልወርድ አለኝ። ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። የቀድሞ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከእኛ ሰው የተጣላ ሁሉ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደው ለመኑልኝ፤ ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«ልቡ ደንድኗል» አሉኝ። «እንግዲህ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክመህ መግባት ነው።»

«ጋሽ ወርቁ፣ እዚህ አገር ድንጋይ ከየት አመጣለሁ?»

«የመታህበትን ብረት ማን ፈልጎልህ ነው? ድንጋዩንም እንደዚያው ፈልግ!» ብለው ተቆጡኝ።

የሆሳዕና ዋዜማ በአውቶቡስ ወጣን። ወንዙን ስንሻገር ፀሐይ ነበር፤ ዛፎቹ ሁሉ አብበዋል። ጋሽ ወርቁ ስለ አበቦቹ ያወራሉ፤ እኔ የማየው መሬት መሬቱን ነው፣ የሚነሣ ድንጋይ ባገኝ ብዬ። አላገኘሁም። ኪልበርን ደርሰን እሳቸው ቀድመው ገቡ፤ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ወንድሜ የማሽኑን ዕቃ ሁሉ እዚያ ጥሎታል፤ የጎደጎደው በርሜል፣ እሱን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ባዶው ሣጥን። አጠገባቸው ያ የእግር ጣቱን ሲመታው የነበረው ድንጋይ አለ። ሲጠሩኝ ማጅራቴ ላይ ጭኜው ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

በወጉ የተበደለው ሰው «አውርደው» ይላል። ወንድሜ አላለም። ጄሶ የታሰረ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ያየኛል።

«ስለ እግዚአብሔር» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ወንድሜ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ሳትታረቁ ልትገድፉ ነው?»

የድንጋዩ ጠርዝ ቆዳዬን ቆረጠው፤ ደም በጀርባዬ ሲወርድ ይታወቀኛል። ያኔ ወንድሜ ተነሥቶ መጣና በግራ እጁ በጥፊ አጮለኝ። ተንገዳገድኩ፤ ድንጋዩን ግን አልጣልኩም።

«ከየት ያወጣኸው ነው?» አለኝ።

«ከማሽኑ።»

«መልሰህ አስገባው። እስክትጨርስ ድረስ አላናግርህም።»

«መኮንን፣ ይሄ እርቅ ነው የቀን ሥራ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ለእሱ ሁለቱም ያስፈልጉታል» አላቸው።

ዕቃውን ተሸክሜ አስገባሁ። በርሜሉ ክፉኛ ጎድጉዷል። ከውስጥ በመዶሻ መመታት አለበት፤ ሰው ካልያዘው ደግሞ ይንከባለላል። ጋሽ ወርቁ አርጅተዋል፣ ሂሩት መጎንበስ አትችልም። ወንድሜ ሳልጠይቀው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ በርሜሉን በእግሮቹ መካከል አጣብቆ በቀረችው ደኅና እጁ ጎድጓዳው አጠገብ ያዘ። መዶሻውን አነሣሁ። ጣቶቹ ከምመታበት ቦታ አንድ ስንዝር አይርቁም። እጄ አልወርድ አለኝ።

«ምታ» አለ።

«እጅህን አርቀው።»

«ምታ ስልህ!»

መታሁ። ዓይኑን አላርገበገበም። እኔ እያለቀስኩ እደበድባለሁ፤ እሱ እያዞረ ይይዛል፤ ከታች ነጋዴው በመጥረጊያው ኮርኒሱን ይደበድባል። በርሜሉ ቀና፤ ቺንጋው ገባ፤ በመጨረሻ ድንጋዩን በቦታው አድርጌ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ። ስናስነሣው አጓራ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ድንጋዩ ለምን እንደገባ ያኔ ነው የገባኝ። መጀመሪያ የታጠበው ሊወለድ ያለው ልጅ ልብስ ነበር። አራታችንም ቆመን የማሽኑን በር መስተዋት እያየን፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ጠበቅን። እንደዚያ ቀን የጠገብኩበት ጊዜ የለም፣ ገና እህል ሳልቀምስ።

ማሽኑ ሲቆም ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። «ሽሮው ሳይቀዘቅዝ ና ብላ» አለኝ።

ልጁ በፋሲካ ማግስት ተወለደ፤ ከወላጆቹ ቀጥሎ የታቀፍኩት እኔ ነኝ።

የወንድሜ ሁለት ጣቶች ግን ዛሬም አይታጠፉም። መቀስ ዳግመኛ አልያዘም፤ ጡረታ እስኪወጣ መጋዘን ውስጥ ሠራ። እጁን ስጨብጥ የማይታጠፉት ሁለቱ መዳፌን ይነኩኛል፤ ያኔ አፈር ልሁን እላለሁ። የሰበርኩትን ሁሉ አልጠገንኩም። ከጅምሮቼ መሀል እስከ መጨረሻው ያደረስኩት ያን ማሽን ነው፤ እሱንም ሰው አፍጥጦ ስላስጨረሰኝ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የላላውን ቡሎን አጥብቄ ክዳኑን መለስኩ። ማሽኑ ጨምቆ ጨርሶ ካለበት ሳይነቃነቅ ቆመ። ሳምራዊት መጥታ አየች። «ዋው፣ አባዬ፣ የምርህን ፊኒሽ አደረግከው?» አለች። ኪልበርን ደወልኩ። ስለ ማሽኑ ስነግረው ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። ስንት ዓመት ያላነሣሁትን ነገር ያኔ አነሣሁት።

«ወንድምጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ‹አውርደው› አላልከኝም። እስከ ዛሬም አላልከኝም።»

ከኋላው ቴሌቪዥን ይሰማል።

«ብዬህ ቢሆን ኖሮ» አለ በመጨረሻ፣ «ሳትጨርስ ትሄድ ነበር።»

እውነቱን ነው። እሄድ ነበር።