ከሀ እስከ መ

ገረመው «ነፃ» የሚል ቃል ሲያይ ፊቱ ይበራል። ስልኩ ላይ ከፍሎ ያስገባው አንድም ነገር የለም። መዝሙር ይከፍታል፤ መሀል ላይ አንዲት ሴት ብቅ ብላ ስለ ሳሙና ታወራለታለች። ዜና ሊያነብ ይሞክራል፤ ብድር ትፈልጋለህ ወይ ይሉታል። እሱ ግን ሁሉንም በትዕግሥት ጠብቆ ያሳልፋል። ሚስቱ የሺመቤት በትዳር ዘመናቸው ለእሷ ወሬ እንዲህ ሲታገስ አይታው አታውቅም።

ጡረታ የወጣው ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ዕድሜውን እስክሪብቶ ሲከለክል ኖሮ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ የእድር ጸሐፊ አደረጉት። ስልክ መነካካት ስለሚወድ የሚችል መሰላቸው። የሺመቤት ልትነግራቸው ትችል ነበር፤ ግን ማን ይሰማታል ብላ ወደ አትክልት ሱቋ ሄደች።

እናቱ እማማ ማሚቱ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። የድሮው ሰፈራቸው ሲፈርስ መጥተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡ ሴት ናቸው። ፎቁን አልወደዱትም። «የሺዬ» ይሉ ነበር በረንዳው ላይ ሆነው፣ «እዚህ ሰማይ ላይ ሞቼ፣ ሰው ሳይሰማ እንዳትቀብሩኝ።» ይህን ስለሚፈሩ የማንም ለቅሶ አያመልጣቸውም። ጉልበታቸው እምቢ እያለ፣ በትር ይዘው ደረጃውን ይወርዳሉ። የማያውቁት ሰው ድንኳን ውስጥ ገብተው ከልባቸው ያለቅሳሉ። እኔም ስሞት ይመጡልኛል ነው ሐሳባቸው።

በሜጋፎን እየዞረ ሞት የሚለፍፈው ሰውዬ አገሩ ሲገባ፣ እድሩ በስልክ መልእክት እንላክ አለ። ቦሌ አንድ ቢሮ የምትሠራው ሊድያ በስብሰባው ላይ ተነሣች።

«ጋሼ ገረመው፣ እኛ ቢሮ በክፍያ ነው የምንልከው። ለሁሉም ባንዴ ይደርሳል፤ ያልደረሰው ካለ ደግሞ ለይቶ ያሳይዎታል። በአባል ሲከፋፈል የአንድ ማኪያቶ ዋጋ እንኳን አይሆንም።»

«አንቺ የቦሌ ልጅ፣ የምታውቂው ማኪያቶ ነው» አላት። «እኔ ይህንኑ በነፃ አውርጃለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበም። ሰብሳቢው አቶ መሐሪም «ይባርክህ» አሉት። ሊድያ ተቀመጠች። ገረመው ያወረደው ነገር ከታች በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ነገር ነበረው። እሱ ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫነው። ከዚያ የአባላቱን ስም በፊደል ተራ አስገባ፤ በዚህ ሥራው ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራራ ሰነበተ። የስብሰባ ጥሪ አልደረሰንም የሚሉ ሲመጡም «ስልክህን አሠራ» እያለ መለሳቸው።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ማሚቱ ከእንቅልፋቸው አልነቁም። ገረመው አለቀሰ፤ ይህን የሺመቤት አትክድም። ከዚያ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠርጎ «ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ጻፈ።

«ለሁሉም ደርሷል?» አለችው።

«ተልኳል ይላል።»

«ስልኩ የሚለውን አይደለም የጠየቅሁህ። ሰዉ ሰምቷል ወይ?»

«በነፃ የሚላክ ነገር ላይ ምን አስጨነቀሽ?»

ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ። ሰው የተቀመጠባቸው ግን ፊተኞቹ ረድፎች ብቻ ነበሩ። አቶ መሐሪ ደጋግመው ወደ አስፋልቱ ያያሉ፤ «ሕዝቡ የት ገባ?» ይላሉ። ሬሳው ሲነሣ የተሸከሙት ወንዶች የሚያሳርፋቸው ሰው አጥተው፣ ትከሻቸውን እያፈራረቁ ደብሩ ድረስ ደረሱ። የሺመቤት ከኋላ ስትሄድ የምታስበው ስለ ሞቱ አልነበረም። ባዶዎቹን ወንበሮች እማማ ማሚቱ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያለች ነበር።

ከቀብር መልስ ሊድያ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሀይሚ፣ ሂሩት፣ ለምለም፣ መሠረት፣ ሙሉ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ስልክዎን ያሳዩኝ።»

ነፃው ነገር በቀን የሚልከው ለተወሰነ ሰው ብቻ ነው። ከሀ ጀምሮ መ ላይ ሲደርስ ኮታው አልቆበታል። ሌላው ሕዝብ ለነገ ተራ ይዟል። እማማ ማሚቱ ራሳቸው በሕይወት ቢኖሩ መልእክቱ ይደርሳቸው ነበር፤ ለጥቂት።

«የቀረውን ላጥፋው፤ ነገ እንዳይሄድ» አለች ሊድያ።

«ተይው፤ ነገ ራሱ ይልከዋል» አለ ገረመውና ስልኩን ተቀብሏት ኪሱ ከተተ።

ላከውም። በማግስቱ ጠዋት ከሠ ጀምሮ ላለው ሰው ሁሉ «ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት» የሚል ደረሰው። ከሥሩ ደግሞ «አሁኑኑ ይወራረዱ፣ ያሸንፉ» የሚል ማስታወቂያ ከኳስ ሥዕል ጋር ተለጥፎበታል። የቻለው ሰው ቀጥታ ወደ ደብሩ ሄደ። የእማማ ማሚቱ የልብ ወዳጅ እትዬ ፀዳለ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው የኮንዶሚኒየም ሳይት ጥቁር ለብሰው ወጥተው፣ ፀሐዩ ላይ በሩ ሥር ቆመው ሬሳ ጠበቁ። ሲደክማቸው ወደ ድንኳኑ መጡ።

«የሺዬ፣ መች ነው የሚወጡት? ቆሜ ቆሜ እግሬ ዛለ።»

የሺመቤት እጃቸውን ያዘች። «ተቀብረዋል እትዬ ፀዳለ። ትናንት።»

«ትናንት እኮ ቤቴ ነበርኩ» አሉ። «ጎመን ስቀነጥስ ነው የዋልኩት።»

ማልቀስ እንኳን አልቻሉም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩ። ከወንዶቹ አንዱ ማስታወቂያውን ሲያሳየው ገረመው «እነሱም እኮ መብላት አለባቸው፤ በነፃ ነው የሚሠሩት» ሲል የሺመቤት ሰማችው። ሰውዬው እናቱን በኳስ ውርርድ ማስታወቂያ ሸኝቶ፣ ለአስተዋዋቂው ያዝናል። ልትጮህበት አሰበች። ከዚያ ድካም ያዛትና ተወችው።

የእናቱ አርባ ሲደርስ ገረመው እንደገና ስልኩን አወጣ። ሌላ ነፃ ነገር አግኝቷል፤ ይኼኛው የተሻለ ነው አለ። የሺመቤት ከሱቋ ብር ይዛ ሊድያ ቤት ወጣች።

«በዚያ በክፍያው ላኪልኝ» አለቻት። «ከሀ እስከ ፐ።»

ያን ቀን ግቢው ሞላ። ሊድያ ያልደረሳቸውን ሦስት ሰዎች ስም አውጥታ ስለነበር የሺመቤት ራሷ በራቸውን አንኳኩታ ነግራቸዋለች። ከቦሌ ቡልቡላ እንኳን የድሮ ጎረቤቶች መጡ። እትዬ ፀዳለ ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ፊት ተቀመጡ።

ገረመው ወንዶቹ መሀል እግሩን ዘርግቶ፣ «ያኔ ትንሽ ችግር ነበረው፤ አሁን እኔ ሲስተሙን አስተካከልኩት» እያለ ያስረዳል። አቶ መሐሪም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የሺመቤት ሰሃን ተሸክማ ስታልፍ ቆመች።

«ገረመው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እናትህን ከሀ እስከ መ ነው የቀበርካቸው። ዛሬ የመጣው ሰው ከፍዬ የጠራሁት ነው።»

ወንዶቹ ወደ ሰሃናቸው አዩ። ገረመው አፉን ከፈተ። ይቅርታ የሚል መስሏት ትንሽ ጠበቀችው።

«ስንት ከፈልሽ?» አላት።

የሺመቤት ሄዳ እትዬ ፀዳለን አጎረሰቻቸው።