ሐይቁ አልተሰረዘም

ከባለቤቴ ከውለታው ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ አጥር ማሰር ነው። የነሐሴ ዝናብ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ በጓሮ በኩል የዘመመውን የቀርከሃ አጥራችንን ነቅለን እንደገና ማሰር ጀመርን። እሱ ገመዱን ይስባል፤ እኔ ቀርከሃው እንዳይንሸራተት በጉልበቴ ተጭኜ እይዛለሁ።

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ ስመኝ፤ ጫጩት የያዝሽ አስመሰልሽው!»

«አንተ ሳብ፣ ወሬ አታብዛ።»

ቀትር ላይ የተቀቀለ ድንች እየላጥን በሚጥሚጣ በላን። እጃችንን በደንብ ስላልታጠብን ድንቹ አፈር አፈር ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ተመልሶ መጣና ከጥጉ አንድ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ሳይዘጋ ቀረ። «ነገ እንጨርሰዋለን» አለ። በማግስቱ ሆዱን ታመመ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ወደ እንጅባራ የመለስነው ለቀብር ነው።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

አርባው ከወጣ በኋላ የውለታው ታላቅ ወንድም፣ አያ ታደሰ፣ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ያስታመሙት እሳቸው ናቸው። ከቀርከሃ ቤታችን፣ ማለት ወንበርና አልጋ እየሠራን ከምንሸጥበት ከመንገድ ዳሩ ሱቅ ገብተው ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«እታለም» አሉኝ፣ «ይህ የወንድ ሥራ ነው። እንሽጠውና አንቺ አባትሽ ዘንድ ግቢ። ገና ልጅ ነሽ። የእናንተ ነገር እኮ ሳይጀመር የተሰረዘ ነው የሆነው።»

ልጅ ስላልወለድን ነው እንደዚያ ያሉት። እኔ ግን «የተሰረዘ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ሳቅሁ። ውለታው ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። አያ ታደሰ ሐዘኑ ልቤን ያዞረው መስሏቸው ደነገጡ። ልቤስ ዘንገና ሐይቅ ዳር ነበር፣ የዚያን የየካቲት ቀን።

ጊዜው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና የሚታነጽበት ነው። እኔ ዳንግላ ኮሌጅ እማር ነበር። ዓርብ ዓርብ ከኮሌጁ እስከ መናኸሪያ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ደግሞ ዘንገና አጠገብ እስካለው እስከ አባየ ቤት እሄዳለሁ። አንድ ዓርብ እንጅባራ ላይ መኪና ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝና አንድ የቀርከሃ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ልጁ ወንበር አወጣልኝ። «መግዣ የለኝም» ብለው፣ «መቀመጥ አይሸጥም» አለኝ። ያ ልጅ ውለታው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ባይዘንብም እጠለል ጀመር።

እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደጉኝ አባየ ናቸው። ስማቸው ዋሴ ነው፤ ፈረሰኛ ናቸው። ጥር ላይ የፈረሰኞች በዓል ሲሆን በቀይ ጥለት ባጌጠው ኮርቻቸው ወጥተው ሲጋልቡ አገር ቆሞ ያያቸዋል። ከሰው ጋር አማርኛም አገውኛም ያወራሉ፤ ከፈረሳቸው ጋር ግን አገውኛ ብቻ ነው። ውለታው ሽማግሌ ሲልክ አባየ ስለ ዘሩም ስለ ሀብቱም አልጠየቁም።

«በምን መጣችሁ?» አሏቸው።

«በባጃጅ።»

«ልጁስ ፈረስ አለው?»

«የለውም፤ ግን ሙያ አለው። እጁ የተባረከ ነው።»

«እጁን ምን ላድርገው? ልጄን ለባጃጅ ተሳፋሪ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው ሸኟቸው።

በዚያው ሰሞን ነው ድምፅ ማጉያ የተጫነባት መኪና በከተማው እየዞረች በዘንገና ሐይቅ ላይ ትልቅ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር እንደሚደረግ ያወጀችው። ከየወረዳው፣ ከጣና ዳርም ሳይቀር ቀዛፊ ይመጣል ተባለ። አንድ ጀልባ ላይ አራት ሰው ይወጣል፤ ከአራቱ አንዷ ሴት መሆን አለባት። ውለታው ሁለት ያጎቱን ልጆች ያዘ፤ አራተኛዋ እኔ ሆንኩ።

አባየ ይህን ሲሰሙ ጢማቸውን እየነኩ ፈገግ አሉ። «ይኸውልሽ» አሉኝ፣ «አገር በተሰበሰበበት በውሃው ላይ ቀድሞ ከወጣ ሽማግሌዎቹን መልሶ ይላክ። ካልቀደመ ግን ደጄን እንዳይረግጥ።» እንደምንሰምጥ እርግጠኛ ስለነበሩ ነው እንደዚያ ለጋስ የሆኑት።

ደግሞም ሰጠምን። ጀልባችንን የሠራነው ከቀርከሃ ነው፤ ያሰርነው ግን በጠፍር፣ በቆዳ ማሰሪያ። እኛ ዘንድ ኮርቻም፣ ቀንበርም፣ አልጋም የሚታሰረው በጠፍር ነው፤ ሌላ ነገር ማን ያስባል? በመጀመሪያው ልምምድ ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ላላና ቀርከሃው እንደ እጅ ጣት ተበታተነ። ያዳነን ወገባችን ላይ የታጠቅነው ቢጫ ጀሪካን ነው። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቀርከሃ አቅፈን ወደ ዳር ስንንፏቀቅ አባየ ፈረሳቸው ላይ ሆነው ያዩን ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! ጀልባችሁ ወለደች!» አሉን።

ከዚያ በናይሎን ገመድ እንደገና አሰርነው። ከሱቁ ጀርባ፣ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ፣ እሱ ይስባል እኔ በጉልበቴ እጫናለሁ። ጉልበቴ ጠቆረ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው አፉን ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ ነው። በዚያ ሰሞን እጁን አወቅሁት። ላላ ያለች ቋጠሮ ካገኘ ማንም ባያይበትም ፈትቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጉሙ ከሐይቁ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ ዙሪያው ገደል ሁሉ ሰው ሆኖ ታየ። የበዛው በፈረስ ነው የመጣው። የጣና ልጆች የደንገል ታንኳቸውን በጭነት መኪና አምጥተው፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍለት ዛፍ ላይ አስደግፈው አቁመውታል። ታንኳ ቆሞ አይቶ የማያውቀው ያገራችን ሰው «እነዚህስ እንደ ፈረስ ቆመው ነው የሚያድሩት» እያለ ይስቃል። ቆሎና ሸንኮራ ይሸጣል፤ ልጃገረዶች ትኩስ ድንች በሰፌድ ይዘው ይዞራሉ። ድንኳኑ ውስጥ ክራቫት ያሰሩ ሰዎች የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ። እኔ ምንም አልበላሁም። ቀድመን ካልወጣን ውለታውን እንደማጣው እያሰብኩ ምን ሊወርድልኝ?

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

«የተከበራችሁ ተወዳዳሪዎችና ተመልካቾች፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ በወቅቱ ባለመድረሳቸው የዛሬው ውድድር የተሰረዘ መሆኑን በታላቅ ይቅርታ እንገልጻለን።»

ገደሉ በሙሉ ጮኸ። እኔ እየሮጥኩ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ደረቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለውን አስተባባሪ ያዝኩት።

«ጀሪካን አለን! የተለማመድነው በጀሪካን ነው። አስጥሞን አያውቅም።»

«እህቴ፣ ካሜራ መጥቶ እያለ ጀሪካን ታጥቃችሁ ልትታዩ?»

«ታዲያ ለካሜራው ነው ወይስ ለእኛ ነው የሚታሰበው?»

«እህቴ፣ ተሰርዟል። ተሰረዘ ማለት ተሰረዘ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ስመለስ አባየ ፈረሳቸውን ከጀልባችን አጠገብ አቁመዋል። ውለታው መቅዘፊያውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቷል። የአባየ ፊት ላይ ደስታ አላየሁም፤ ግን ቃላቸው ቃል ነው።

«ውድድር ከሌለ መቅደም የለም» አሉ። «እኔም የሰጠሁት ቃል አበቃ። ነይ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

የአባየን ፈረስ ልጓም ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። እኔ ያዝኩት። አልለቀቅሁም።

«አባየ፣ የተሰረዘው ውድድሩ ነው። ሐይቁ አልተሰረዘም። ይውረዱና ጀልባችን ላይ ይውጡ። ከሌላ ጋር የሚያወዳድረን ከጠፋ እርስዎ ራስዎ ይመዝኑን።»

«እኔ? ገብስ የማይበላ ነገር ላይ ወጥቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ይወጣሉ።»

ያገር ሽማግሌ ፊት እንደዚያ ስናገር ሰው ሁሉ ምን እንደሚመጣብኝ ይጠብቃል። ከኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያ ዋሴ ፈሩ እንዴ?» አለ።

አባየ ከፈረሳቸው ወረዱ።

አንደኛው ያጎቱ ልጅ ቦታውን ለቀቀላቸው። ጋቢያቸውን ጠቅልለን በላዩ ላይ ጀሪካን አሰርንላቸው። እንደ ጠገበ በሬ ቀስ ብለው ረገጡና መሐል ላይ ተቀመጡ። ጀልባዋ ወዝወዝ ስትል ሁለት እጃቸው አየር ላይ የሆነ ነገር ፈለገ።

«ልጓሙ የታል?» አሉ።

ያጎቱ ልጅ ሳቁን ለማፈን ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ውለታው ግን አልሳቀም። ከፊት ለፊት ከታሰረው ገመድ የተረፈውን ጫፍ ስቦ፣ በአክብሮት፣ በሁለት እጁ ሰጣቸው። «ይኸው ጌታየ» አለ። ይህን ሰው ባላገባ ማንንም አላገባም ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ቀዘፍን። ጥቂት እንደራቅን ድምፅ ማጉያው ደነፋ። «ውድድሩ ተሰርዟል! እባካችሁ ተመለሱ! ውድድሩ ተሰርዟል!»

አባየ ገመዳቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀኛቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዚያ የፈረሰኛ ድምፃቸው መለሱ። «ማን ተወዳደረ? ውሃ እያጠጣን ነው!»

ሳቁ በገደሉ ዙሪያ ዞሮ እኛው ላይ ተመለሰ።

መሐል ደረስን። አባየ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ሐይቅ ፈረስና ከብት አጠጥተዋል፤ ከመሐሉ ሆነው ግን ዳሩን አይተውት አያውቁም። ቀና ብለው ዛፉን፣ ገደሉን፣ ከላይ ብልጭ የሚለውን የቆርቆሮ ጣሪያ አዩ።

«ያ ቤቴ ነው?»

«አዎ አባየ።»

«ትንሽ ነው ለካ» አሉ።

ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ በአገውኛ ማውራት ጀመሩ፤ ፈረሳቸውን ቁልቁለት ሲያወርዱ በሚያወሩለት ድምፅ። የሚያወሩት ለጀልባዋ ነው። ማናችንም እንደሰማን አላስመሰልንም። የሚሰማው የመቅዘፊያው ውሃና የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ገመዱ ላይ የእጃቸው ጣት ሲላላ አየሁ።

ዞር ስንል የጣና ልጆችም ታንኳቸውን ከዛፍ አውርደው ገብተዋል። ሌሎቹም ተከተሉ። ማንም አልቀደመም፤ ማንም አላጨበጨበም። እንዲሁ ሐይቁ ላይ ሞልተን እየተሰዳደብንና እየተሳሳቅን ቆየን። ክራቫት ያሰሩት ሰዎች ድንኳናቸውን አጥፈው ሄዱ።

ዳር ስንደርስ አባየ ወረዱ። ቂጣቸው ርሷል። ጎንበስ ብለው ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። አንዱም ንቅንቅ አላለም።

«ያሰረው ማን ነው?»

«ሁለታችን ነን» አለ ውለታው። «እኔ እስባለሁ፣ እሷ በጉልበቷ ትይዛለች።»

አባየ ጉልበቴን አዩ። ከዚያ ፈረሳቸው ላይ ወጡና፣ ልጓማቸውን ካስተካከሉ በኋላ፣ ወደ እኛ ሳያዩ ተናገሩ።

«ሽማግሌዎቹን ላክ። ግን በባጃጅ እንዳይመጡ።»

በተውሶ በቅሎ መጡ።

ያ ውድድር ኋላም አልተደረገም። ጃኬቶቹ ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም። እኔና ውለታው ግን ተጋባን፤ ያቺን ሱቅ አሰፋን፤ ተጣላን፤ ታረቅን፤ ክረምት ከበጋ ቀርከሃ ስናስር ኖርን። ይህ አያ ታደሰ «ሳይጀመር» የሚሉት ነገር ነው።

ሞት እንደዚያ አስተባባሪ አይደለም። ጀሪካን አለኝ ብዬ አልተከራከርኩትም፤ ብከራከረውም ፊቱን አያዞርም። ውለታውን ወስዶታል፤ ይህን ጠዋት ጠዋት የአልጋውን ግራ ጎን ሳይ አውቀዋለሁ። የተወሰደው ግን እሱ ብቻ ነው። ከሱ ጋር የሠራሁትን ሥራ፣ በእጁ ያስተማረኝን ቋጠሮ፣ ስሙ የተጻፈበትን የሱቅ በር፣ ሰዎች አንድ ላይ ጠቅልለው የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ሊከቱብኝ ሲሉ እንቢ ብያለሁ።

አያ ታደሰን በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው። «አያ ታደሰ፣ እርስዎ ወንድምዎን ነው የቀበሩት። ሱቁን አልቀበርንም። ወንበር ከፈለጉ በወንድም ዋጋ እሠራልዎታለሁ።» ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ትንሽ ቆም ብለው ወንበሮቹን አዩ። «ለበረንዳ የሚሆን ሁለት» አሉ። ወስደዋቸዋል።

በለቅሶው ቀን አባየ በባጃጅ መጥተው ነበር። ጉልበታቸው ኮርቻ አልችል ብሏል። ሾፌሩ ደግፎ ሲያወርዳቸው ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሁለታችንም የምናስታውሰውን አስታወስን፤ ሳንስቅ ተላቀስን። ሲሄዱ «ቤቴ ቤትሽ ነው» አሉኝ፤ «ነይ ግን አልልሽም።»

ከጥጉ የቀረውን የአጥር ክፍተት በጥቅምት ደረቅ ቀን ዘግቼዋለሁ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቁን እከፍታለሁ፤ ቀርከሃውን በጉልበቴ ተጭኜ እይዛለሁ፤ ገመዱንም እኔው እስባለሁ።