ጨው የሌለው የእናቴ ማሰሮ

ወንድሜ ከሚዛን ሲደውል ደሴ ላይ ከኪዳን እየተመለስኩ ነበር። «የእማዬ እግር አብጦ ጫማ እምቢ አላት። ግፊቱና ስኳሩ ተማክረው ነው መሰል የተነሱባት» አለኝ። ቀልዱ አላሳቀኝም። ነጠላዬን ሳላወልቅ እመቤቴን ለመንኩ፤ በማግስቱ ተሳፈርኩ።

ከቦንጋ ወዲያ ጭጋጉና የረጠበው የቡና ጫካ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ልጅነቴ አጠገቤ የተሳፈረ መሰለኝ።

ሐኪም ቤት እናቴን ይዤ ገባሁ። የወንድሜ ሚስት፣ የሸኮ ብሔረሰብ ልጅ፣ እንደ ልማዷ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀረች፤ «ግቢ» ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ነርሷ መድኃኒቱን አየች፤ ሁሉም በሰዓቱ ተውጧል።

«ጨው ትተዋል፣ እናቴ?»

«ከተውኩ ቆየሁ። አፌ ሣር ሣር ብሏል።»

«የሚያበስልልዎት ማን ነው?»

«ምራቴ ናት፤ ውጭ አለች።»

«ታዲያ እሷም ትግባ እንጂ!»

ገባች። «ወጡ ጨው አልነካውም» አለች።

«ምን ይጠጣሉ?»

«ቅጠል ነዋ» አለች ምራቷ። የቡና ቅጠል ማለቷ ነው፤ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ፈልቶ፣ ጠዋት ማታ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው።

«ጨውስ?»

«ጨው የሌለው ቅጠል ምኑ ይጠጣል!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

እናቴ ደረሰችላት፦ «እሱ መጠጥ ነው እንጂ ምግብ ነው እንዴ?»

ነርሷ አልተቆጣችም። «ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ነው የምትገቡት» አለች።

ጭንቁ ቤት ውስጥ ነበር። ጨው የሌለው ቅጠል ለጎረቤት ማቅረብ ነውር ነው። ለብቻዋ ቢፈላላት ደግሞ እናቴ «ከሰው ለያችሁኝ» ብላ ኩባያውን መለሰች። ይህን የሰሙ አንዲት ጎረቤት በማግስቱ ጨው በወረቀት ጠቅልለው መጡ። «ማሰሮው እንደሷ ይሁን፤ እኛ ጨዋችንን ይዘን እንመጣለን» አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። እናቴም በር ላይ ስታያቸው «የጨው ነጋዴዎቹ መጡ!» ትል ጀመር።

እብጠቱ ጎደለ። በእግሯ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ሳመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ፋሲካ ፈሰከች።

አምና አረፈች። ምራቷ ግን ከቀብሩ ወዲህ ቅጠል ጥዳ አታውቅም አሉ። «በጨው ያሳመምኳት እኔ ነኝ» ትላለች። በስልክ ስመክራት «እሺ፣ እትዬ» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

እናንተ ጨው ጠቅልላችሁ ትመጡ የነበራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እኔ ሩቅ ነበርኩ፤ ለእናቴ የተጨመሩት እነዚያ ዓመታት ከማን እጅ እንደተገኙ ያያችሁ እናንተ ናችሁ። እባካችሁ፣ አንድ ጠዋት ተጠራርታችሁ ሂዱና ቁጭ በሉባት። እስክትጥድ አትነሱ። ጨው ግን ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ እሷው በእጇ ትጨምርላችሁ።