የልጄ መሣሪያና የእናቷ መርዶ

ልጄ ቺሊ በሚባል አገር፣ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ ካለበት ትሠራለች። የሄደችው አዲስ መሣሪያ ተክለው ሥራ ሊያስጀምሩ ነው። ስፔክትሮግራፍ ይሉታል። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ስለሆነ ቃሉን እስክጽፈው ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ነገሩ ግን ከእኔ በፊት ለእናቷ ነው የገባት። ልጄ በስልክ እንዲህ ብላ አስረዳቻት፤

«እማዬ፣ ከሰል ስታከስሉ ክምሩ አፈር ስለለበሰ እሳቱ አይታይም፤ እጅሽን ስታስጠጊ ግን ይፋጃል አይደል? ከዋክብትም እንዲያ ዓይን የማያየው ብርሃን አላቸው። መሣሪያው እሱን ተቀብሎ እንደ ቀስተ ደመና አቅጥኖ ይዘረጋዋል። ከዚያ ኮከቡ ምን ምን እንዳለበት እናነባለን።»

«ከሰል ለማየት ነው ይህን ያህል የተማርሽ?» አለቻት እናቷ። የምንተዳደረው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን፣ ቆርጠን፣ እያከሰልን ነው።

ልጄ ሳቀች። እናቷ መቼ ትመጫለሽ ስትላት፣ መሣሪያው ከሞቀ የገዛ ሙቀቱ ያሳውረዋል፤ ስለዚህ አየሩን መጥጠው አውጥተው ለቀናት ያቀዘቅዙታል፤ መሐል ላይ ከተበላሸ እንደገና ከሀ ይጀመራል፤ ጥዬ መምጣት አልችልም አለች።

«ብርድ ከሆነ የቸገራችሁ እኛ ጋ እንጅባራ አምጡት!» አለች እናቷ።

የመጨረሻ ቀልዷ ነበር አልልም፤ እስክትሞት ትቀልድ ነበር። ጉበቷን ታማ ባሕር ዳር ወስጃት ተመለስን፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ለልጄ አልተነገራትም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ደጅ ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይፈጠፍጥ ጉልበት ያላቸው ከጎኑ ይቆማሉ፤ ከዚያ ነው የሚረዳው። የሚስቴ ወንድም ቺሊ ውስጥ ሄዶ የሚያረዳት ሐበሻ በወዳጅ በዘመድ ሲያፈላልግ ሰነበተ። አልተገኘም። እስከዚያው ደግሞ እየደወለ፣

«እናትሽ ጠበል ገብታለች፤ ስልክ ክልክል ነው። አንቺ ሥራሽን ጨርሺ፣ የኔ እመቤት» ይላታል።

«የቀበርናትን ሰው ጠበል ናት ትላለህ?» አልኩት።

«ልጅቷ ብቻዋን ናት! ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አንተ ሰውዬ፣ ምላስህ ምላጭ ነው፤ ስልኩን ለእኔ ተወው።»

የእድሩ ሽማግሎችም ከእሱ ጋር ሆኑ።

የሚስቴ አርባ ሳይደርስ፣ አንድ ጠዋት፣ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። እነሱ ጋ ሌሊት ነው። የተላጨ ራሴን በጋቢ ሸፍኜ አነሳሁት። ከኋላዋ ፈረንጆች ይተቃቀፋሉ።

«አባዬ፣ ሠራ! የመጀመሪያው ኮከብ ገባ!»

ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችልኝ። ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፣ እዚህም እዚያም የተበጣጠሱ። እሷ እንደ ሙሽራ ትስቃለች።

«ለእማዬ አሳያት! እስካሁን ከጠበል ወጥታለች አይደል? ስጣት እስቲ።»

ጋቢዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ።

«ስጣት እንጂ አባዬ!»

ለማን ልስጥ?

«እናትሽ ሞታለች» አልኳት። እንዲሁ፣ በአፌ እንደመጣ።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። የሚታየኝ የቤቱ ኮርኒስ ብቻ ሆነ። ፈረንጆቹ ገና ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ።

«ያዟት!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ያዟት! ያዟት እንጂ!» በአማርኛ ጮህኩ፤ በአዊኛ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? ከዚያ የልጄ ጩኸት መጣ። ሳቁ ቀጥ አለ። ኔትወርኩም ያን ጊዜ ተቋረጠ። ማን እንደያዛት፣ ይያዟት አይያዟት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አጎቷ ሲሰማ እየሮጠ መጣ።

«በስልክ ገደልካት!» አለኝ በለቀስተኛው ፊት። አንድም ሰው ተው ያለው የለም።

እኔ ስደውል አታነሳም። አሁን የምትደውለው ለእሱ ነው። የዋሻት እሱ፣ የነገርኳት እኔ። አልፎ አልፎ በደጄ ሲያልፍ ቆም ይልና «ደህና ናት፤ እህል ቀምሳለች» ይለኛል። ስለ እኔ ጠየቀች ወይ ብዬ አልጠይቀውም። ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ነበር።